የሥጋ ፍቅር መሰልቸት በሜታፊዚካል ግጥምና የአማርኛው አቻ ቃል ጥያቄ

በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ከታወቁት የእንግሊዝኛ ግጥሞች መካከል ወደ አማርኛ ለመመለስ እጅግ የሚያስቸግሩት፣ ብዙ ሰው እንደሚገምተው፣ ነገረ መለኮት የተጫናቸው ወይም የከዋክብትና የካርታ ዕውቀት የሚጠይቁት አይደሉም። ለእነዚህስ በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት የተሞረደ ቃል አናጣም። የሚያስቸግሩት ገጣሚው የሥጋን ፍቅር ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ካገኘውም በኋላ የጠበቀውን ሆኖ ያላገኘባቸው ጥቂት ግጥሞች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በደባርቅ መምህር በነበረበት ጊዜ ከእነዚህ ሁለቱን፣ ይኸውም የጆን ደንን «የፍቅር አልኬሚ» እና «ስንብት ለፍቅር» የተባሉትን፣ ለክፍል ንባብ ሊተረጕም ሞክሮ ነበር። ትርጕሙ ሲነበብ ለተማሪዎቹ ስብከት መሰላቸው። አንዱም ከየትኛው ድርሳን እንደ ተወሰደ ጠየቀ። ጥፋቱ የተማሪው አልነበረም፤ በወረቀቱ ላይ የሰፈሩት ቃላት በእውነት የድርሳን ቃላት ነበሩ። ከዚህ በታች የሚቀርበው ትችት እንግዲህ በመጀመሪያ የሚመለከተው ያንኑ የራሴን ትርጕም ነው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። «ሜታፊዚክስ» ለሚባለው የፍልስፍና ዘርፍ በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ «ዲበ አካል» የሚል ቃል ይሠራበታል። ዲበ በግዕዝ ላይ፣ በላይ ማለት ነው፤ አካልም የታወቀ ነው። የግሪኩ ስያሜ መነሻ ግን ይህን ያህል ከፍ ያለ አልነበረም፤ የአርስቶትል መጻሕፍት በተደረደሩ ጊዜ ከሥነ ተፈጥሮ መጻሕፍቱ ቀጥለው የመጡትን ለማመልከት የተሰጠ የመደርደሪያ ስም ነው። «በኋላ» የነበረውን የእኛ ቃል «በላይ» አደረገው። ለፍልስፍናው ይህ ብዙ አይጐዳም፤ ቃሉም አጭርና ያማረ ስለ ሆነ ይኑር። ለግጥሙ ግን ይጐዳል። «ዲበ አካላዊ ግጥም» ሲባል የሰማ አንባቢ ከአካል በላይ የተነሣ፣ ሥጋን የተወ፣ የመናኝ ግጥም ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን ከአካል አልወጣ ያለ፣ በአካል ውስጥ ሆኖ የሚከራከር ግጥም ነው። በተለይ ስለ ፍቅር መሰልቸት የተጻፉት ወደ ላይ ሊነሡ ሞክረው እዚያው የወደቁ ሰዎች ግጥሞች ናቸው።

ከዚህም ሌላ ስያሜው ገጣሚዎቹ ለራሳቸው ያወጡት አይደለም። ድራይደን በ1693 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት የእንግሊዝ ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ደንን ስለ ፍቅር በሚጽፍበት ቦታ ሳይቀር ፍልስፍና ያበዛል ሲል ነቀፈው። ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በ1779 በታተመው የካውሊ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ቃሉን ለመላው ወገን ሰጠ፤ የሰጠውም ለምስጋና አልነበረም። ነቀፋው ወደ ክብር የተለወጠው በ1921 ነው፤ ግሪርሰን ግጥሞቹን ሰብስቦ አሳተመ፣ ኤልየትም በዚያው ዓመት ስለ መጽሐፉ የታወቀውን ሒስ ጻፈ። እንግዲህ ቃሉ የጸና ቅጽል ስም እንጂ መግለጫ አይደለም። ቅጽል ስም ደግሞ አይተረጐምም። ስለዚህ «ዲበ አካል» ለፍልስፍናው ተወስኖ፣ ለገጣሚዎቹ «ሜታፊዚካል» እንዳለ በፊደላችን ቢጻፍ ይሻላል የሚል አሳብ አለኝ።

ደን በ1572 ተወልዶ በ1631 ሞተ። በ1601 አን ሞር የተባለችውን ልጃገረድ በስውር በማግባቱ ሥራውን አጣ፤ እርስዋም በ1617 አሥራ ሁለተኛውን ልጅ ከወለደች በኋላ ሞተች። እርሱ ካህን ሆኖ ከ1621 ጀምሮ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ ነበረ። ግጥሞቹ በሕይወቱ ዘመን በእጅ እየተጻፉ ይዞሩ ነበር እንጂ በመጽሐፍ ተሰብስበው የታተሙት በ1633 ነው፤ «ስንብት ለፍቅር» የተጨመረውም በ1635 እትም ነው። ይህን ታሪክ የኢትዮጵያ አንባቢ ሲሰማ በልቡ ውስጥ ወዲያው አንድ የታወቀ መልክ ይሣላል፤ በወጣትነቱ ዓለምን ያየ፣ በኋላ የተጸጸተ፣ በመጨረሻም ቆብ የጫነ ሰው። ገድል የምናነብበት ዐይን ነው። በዚህ ዐይን ከታየ የፍቅር መሰልቸት የንስሓ ደጃፍ ይሆናል። ነገር ግን ግጥሞቹ የተጻፉበት ቀን አይታወቅም፤ በግጥሞቹ ውስጥም ንስሓ የለም። የሚናገረው ሰው አልተጸጸተም። ተታልያለሁ ባይ ነው፤ ገንዘቡን ከፍሎ የተባለውን ዕቃ ያላገኘ ገበያተኛ ይመስላል።

የግጥሞቹ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። «የፍቅር አልኬሚ» ፍቅርን እንደ ማዕድን ጕድጓድ ያያል፤ ከእኔ ይልቅ ጠልቀው የቈፈሩ ካሉ የደስታው ማዕከል የት እንዳለ ይንገሩኝ ይላል፤ እርሱ ግን ወድዶ፣ አግኝቶ፣ ቈጥሮ ያንን ምስጢር አላገኘም። ወርቅ እሠራለሁ ብሎ ሲያነድድ የኖረ አልኬሚስት በመንገድ ላይ ሽታው ደስ የሚል ወይም ለመድኃኒት የሚሆን ነገር ቢወጣለት ማሰሮውን እንደሚያመሰግን፣ አፍቃሪም እንዲሁ ያደርጋል። «ስንብት ለፍቅር» ከዚህ ይልቅ ረጋ ያለ ነው። ተናጋሪው ፍቅርን ሳይቀምስ በፊት፣ ከሓዲ በሞት አልጋ ላይ የማያውቀውን ኀይል እንደሚለምን፣ በፍቅር ውስጥ አንድ አምላክ ያለ መስሎት ነበር፤ ከቀመሰ በኋላ ግን በልቡ የቀረው አንድ ዐይነት ያዘነ ድንዛዜ ነው። ከሥጋ ፍቅር በኋላ እንስሳ ሁሉ ያዝናል የሚለው የላቲን አባባል ለጋሌን ሲሰጥ የኖረ የቆየ ነገር ነው፤ ደን የጨመረው ዶሮና አንበሳ ከዚህ ሐዘን ነፃ ሲሆኑ ሰው ለምን አልሆነም የሚለውን ክርክር ነው። ቤን ጆንሰንም በዚሁ ጕዳይ ላይ ለፔትሮኒየስ የሚሰጥ አንድ የላቲን ግጥም ተርጕሟል። የጆንሰን ግን መድኃኒት አለው፤ መሳሳምና አለመቸኰል ይበቃል ይላል። ደን መድኃኒት የለውም፤ በመጨረሻ ከሚያመጣው አንድ ቀልድ በቀር፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

እንግዲህ ይህን ስሜት በአማርኛ ምን እንበለው? የመጀመሪያው ትርጕሜ «ፍትወት»፣ «ከንቱ»፣ «ተስፋ መቍረጥ» በሚሉት ላይ የቆመ ነበር። ሦስቱም ስተዋል። «ፍትወት» በግዕዝ ከፈተወ የወጣ ነው፤ ፈተወ ፈለገ፣ ተመኘ፣ ወደደ ነው፤ ያለ ነውር የሚመኙትንም ይጨምራል። አማርኛ ሲወስደው ግን ከነቀፋው ጋር ወሰደው፤ ዛሬ «ፍትወት» ያለ ሰው ፍርድ ሰጥቷል። «ከንቱ» ደግሞ ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ቃል ነው፤ ዓለምን ከንቱ የሚል ከዓለም የሚበልጥ ነገር በእጁ አለ። የደን ተናጋሪ የሚበልጥ ነገር የለውም፤ ግራ የገባውም በዚህ ነው። «ተስፋ መቍረጥ» ወደ ፊት የሚመለከት ነው፤ ያልመጣው እንደማይመጣ ማመን ነው። እዚህ ግን ነገሩ መጥቷል፤ ችግሩ የመጣው ይኸው ብቻ መሆኑ ነው። ሐያስያን ለዚህ የሚሠሩበት የእንግሊዝኛው ቃል ራሱ በዚህ ትርጕሙ የኋላ ዘመን ቃል እንጂ ደን የሚያውቀው አይደለም። ስለዚህ ያንን ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል ለመመለስ መጨነቅ አይገባም፤ ግጥሞቹ ስሜቱን በስም አይጠሩትምና።

ስሙን ትተን ነገሩን ከፈለግን ግን አማርኛ ድኻ አይደለም። «ወረት» የሚል ቃል አለን። አዲስ ስለ ሆነ ብቻ የሚወደድ ነገር የሚቀሰቅሰው መውደድ ነው፤ በውስጡም ማለቁ አብሮ ተነግሯል። የሚያልፍ መሆኑን በሆዱ የያዘ እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል በእንግሊዝኛ በአንድ ቃል አላገኘሁም። ደን ይህንኑ ለማለት አንድ ሙሉ ምሳሌ ያስፈልገዋል፤ ከገበያ የመጣ፣ በወርቅ ወንበር የተቀመጠ የንጉሥ መልክ ያለው ጣፋጭ ዳቦ፤ ሕፃናት ይጓጉለታል፣ ሦስት ቀን ሳይሞላ ይሰለቹታል። እኔ ይህን በእረኛ ልጅ የጭቃ በሬ ልለውጠው አስቤ ነበር፤ በወገራና በስሜን ሜዳ ከጭቃ በሬ ያልሠራ ልጅ የለምና። በኋላ ተውሁት። የጭቃ በሬን ልጁ ራሱ ሠርቶታል፤ ቢሰለቸው በገዛ ሥራው ላይ ነው። የገበያው ንጉሥ ግን ሌላ እጅ ሸልሞ ያቀረበው ነው፤ የደን ክስም ሸልሞ በሚያቀርበው ላይ ነው። «ወረት» የሚለውን ብቻ ጨምሮ ዳቦውን እንዳለ መተው ተሻለ።

ከቃሉ በላይ ግን የሰዋስው ጕዳይ አለ፤ የቋንቋ ባለሙያዎች ልብ ቢሉት የሚወደደውም ይህ ነው። በአማርኛ የዚህ ዐይነት ስሜት ግሦች ሰውን ባለቤት አያደርጉም፤ ሰለቸኝ፣ ታከተኝ፣ ደከመኝ፣ ቀፈፈኝ፣ በቃኝ። ስሜቱ ይመጣል፣ ሰውየው ይቀበላል። የእንግሊዝኛው ተናጋሪ «እኔ እንዲህ ሆንሁ» እያለ ሲናገር የአማርኛው «እንዲህ አደረገኝ» ይላል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ ግሡ ግን ባለቤቱን በጾታ እንድንለይ ያስገድዳል። «ሰለቸኝ» ብል የሰለቸኝ ፍቅሩ ነው፤ «ሰለቸችኝ» ብል የሰለቸችኝ ሴቲቱ ናት። በአንዲት «ች» ላይ የግጥሙ ፍርድ ተንጠልጥሏል። «ስንብት ለፍቅር» ያለ ጥርጥር «ሰለቸኝ» ነው፤ ክሱ በፍቅርና በተፈጥሮ ላይ ነው። «የፍቅር አልኬሚ» ግን በመጨረሻ ሁለት ስንኞቹ ጣቱን ወደ ሴቶች ይቀስራል፤ ልቡና አትፈልጉባቸው ይላል። እንደ ተርጓሚ «ሰለቸችኝ» ማለት ግዴታ ነው፤ እንደ ሐያሲ ግን ግጥሙ የሚደክመው እዚያ ላይ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ ማዕድኑን ሲመረምር የነበረ ሰው በመጨረሻ ጕድጓዱን ሰደበ።

የሴቲቱ ድምፅ ደግሞ በሁለቱም ግጥሞች ውስጥ የለም። በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ፣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ፣ የሞተር ወፍጮ ከመስፋፋቱ በፊት ሴቶች በድንጋይ ወፍጮ ላይ ሲፈጩ የሚያንጐራጕሩት ነበር። በልጅነት የተዳረች ሴት ስለ ባልዋና ስለ ትዳርዋ የምትለውን ሌላ ቦታ የማትለውን እዚያ ትለው ነበር፤ የወፍጮው ድምፅ ይሸፍናታልና። የዚያ እንጕርጕሮ ግሥ ደግሞ ዘወትር ይኸው «ደከመኝ»፣ «ታከተኝ» ነው፤ የደከማት እጅዋ ይሁን ልብዋ፣ ድንጋዩ ይሁን ትዳሩ አይለይም፣ እንዲለይም አትፈልግም። የሥጋን ፍቅር ከሥጋ ድካም ሳይለዩ መናገር የሚቻልበት አማርኛ ቢኖር ይህ ነው። የደን «ያዘነ ድንዛዜ» እዚህ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ለትርጕሜ የሚሆን ቃል ስፈልግ መጀመሪያ መሄድ የነበረብኝ ወደ ድርሳን ሳይሆን ወደ ወፍጮ ቤት ነበር።

አሁን ወደ ወቅቶች እንለፍ፤ በዚህ በኩል ስሜን ራሱ አስተማሪዬ ሆኗልና። በ«የፍቅር አልኬሚ» ውስጥ አፍቃሪዎች ባለጠጋና ረጅም ደስታ ያልማሉ፤ የሚያገኙት ግን የብርዱን ወቅት የመሰለች የሙቀቱ ወቅት ሌሊት ነው። በሁለት ቃል ሁለት ጕድለት ተሰብስቧል፤ ቅዝቃዜው ከአንዱ ወቅት፣ ማጠሩ ከሌላው ተወስዷል። የለንደን ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በሰኔ ሌሊቱ ከሰባት ሰዓት ተኩል ያንሳል፤ በታኅሣሥ ከ16 ሰዓት ይበልጣል። እኔም ሳልጠራጠር «ክረምት የመሰለች የበጋ ሌሊት» ብዬ ጻፍሁ። ይህን የትርጕም ሙከራ ዳባት ውስጥ አንዲት የማከብራቸው አሮጊት ባሉበት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። «ይኼ ሰውዬ ምን ነካው ልጄ?» አሉ፤ «የሚበርደውማ በጋ ነው። ክረምትማ ደመናው ጋቢ ነው።» «እማማ፣ የእነርሱ ክረምት ሌላ ነው» ብላቸው፣ «እንግዲያማ በእነርሱ ቋንቋ ይተው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ደባርቅ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሌሊቱ ውርጭ ይሆናል፣ ማለዳ ሣሩ ላይ አመዳይ ተነጥፎ ይገኛል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ብርዱን ያዝለታል። ስለዚህ ለደባርቅ አንባቢ ክረምት የመሰለች የበጋ ሌሊት ማለት ሞቅ ያለች ሌሊት ናት፤ ገጣሚው ሊል የፈለገው ተገለበጠ። ማጠሩም ጠፋ፤ በአሥራ ሦስተኛው መስመረ ኬክሮስ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ሌሊትና አጭሩ ሌሊት የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ይህን ያህል ደግሞ አፍቃሪ አይታዘበውም። በዚያ ላይ የከተማ ሰው በሐምሌና ነሐሴ የሚሰጠውን «የክረምት ትምህርት» ሲል የፈረንጁን የሙቀት ወቅት ወር ለወር ተርጕሞታል። ክረምት በወር ከተተረጐመ አንድ ነገር ነው፣ በአየሩ ከተተረጐመ ተቃራኒው ነው። በሁለት ቋንቋ የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት በዚህ ቃል ሥር «የዝናብ ወቅት» የሚለውን አስቀድሞ፣ የፈረንጁን ብርድ ወቅት በተለየ ተራ ቍጥር ማስቀመጥ ይገባዋል።

ለግጥሙስ? በስሜን ብርድና ሙቀት በወቅት ብቻ ሳይሆን በቁልቁለት ይገኛሉ። ከደባርቅ ተነሥቶ ጣልያን በወረራው ዘመን በሠራው የሊማሊሞ መንገድ የወረደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከጋቢ ወደ ነጠላ ይደርሳል። «የደጋ ብርድ የወረደባት የቆላ ሌሊት» ብል ቅዝቃዜውም ያልተጠበቀ መሆኑም ይመጣል። ማጠሩ ግን አሁንም የለም፤ በሌላ ስንኝ «ሳትጀመር የነጋች» ብዬ ልከፍለው ተገደድሁ። አንድ ቃል የነበረው ሁለት ስንኝ ሆነ። ይህ ኪሳራ ነው፤ ነገር ግን የተገለበጠ ትርጕም ከመያዝ ይሻላል።

በዚሁ ግጥም መጨረሻ ላይ ሴቶች ሲያዙ ሙሚያ ናቸው የሚል ነገር አለ። ሙሚያ በደን ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቀማሚዎች የሚሸጡት የደረቀ ሬሳ ሥጋ ነበር። እዚህ ላይ የአማርኛ ተርጓሚ አንድ ወጥመድና አንድ ጸጋ ይጠብቁታል። ወጥመዱ ያልፈረሰ አካል በእኛ ዘንድ የክብር ነገር መሆኑ ነው፤ በጣና ሐይቅ በደጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አስከሬን ተጠብቆ እንዳለ የሚያውቅ አንባቢ ሴት ሙሚያ ናት ሲባል ምስጋና ሊመስለው ይችላል። ጸጋው «ያዘ» የሚለው ግሥ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል «ባለቤት የሆኑበት» እና «መንፈስ የሰፈረበት» በሚሉት መካከል ይዋልላል፤ ሐያስያንም በነጠላ ሰረዝዋ ቦታ ሲከራከሩ ኖረዋል። በአማርኛ ሰው ርስት ይይዛል፤ ዛር ሰውን ይይዛል፤ ወዳጅም ይያዛል። «የተያዘች» ብሎ ዝም ቢሉ የእንግሊዞቹ ክርክር ሳይፈታ ወደ አማርኛ ይሻገራል። ተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አያገኝም።

የቃሉ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ሙሚያ በዐረብኛ በኩል የመጣው «ሙም» ከሚለው የፋርስ ቃል ነው፤ ትርጕሙም ሰም ነው። ገጣሚው ይህን አስቦታል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ወርቅ ፍለጋ የተጀመረ ግጥም ሰም ላይ ሲያበቃ የቅኔ አገር ሰው ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። ሰምና ወርቅ የሚለው ስያሜ ከአንጥረኛ ቤት መምጣቱ የታወቀ ነው፤ በሰሙ ላይ ጭቃ ይለበጣል፣ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ባለ ቅኔው የሥጋን ፍቅር ሰም ሲያደርግ ይህን ተማምኖ ነው። መኃልየ መኃልይ በአንድምታ የሚተረጐመው፣ መልክእ የቅዱሳንን አካል ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር የሚያወድሰው በዚሁ መተማመን ነው፤ አካሉ ይቀልጣል፣ ሌላ ነገር ይቀራል። የደን አልኬሚስትም ሰሙን አቅልጧል። የፈሰሰ ወርቅ ግን የለም፤ ባዶ የጭቃ ቅርጽ ብቻ አለ። ደን በሌሎች ግጥሞቹ ወርቁ ይፈስሳል ብሎ ያምናል፤ የሁለት አፍቃሪዎችን ነፍስ አንድ ሲያደርግ ከቅኔ መምህራን ወገን ነው። እነዚህ ሁለት ግጥሞች ግን የራሱን ስልት ከሥሩ የሚጠይቁ ናቸው፤ ብርታታቸውም ይህ ነው። ስለዚህ እነርሱን በሰምና ወርቅ ስልት፣ ሁለተኛ ትርጕም ደብቆ መተርጐም አይገባም። አንድ ጊዜ ሞክሬ «ወርቅ» የሚለውን ቃል በኅብር ነፍስ እንዲመስል አድርጌ ነበር። ያማረ ስንኝ ወጣው፤ ግጥሙ ግን ሐሰት ሆነ።

የቀረው ርእሱ ነው። «ስንብት ለፍቅር» የመዝገበ ቃላት ትርጕም ነው፤ ስሕተት የለበትም፣ ሕይወትም የለበትም። ደባርቅ ያሉ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «ፍቅር በቃኝ» ይሁን አሉ። ለጊዜው ደስ አለኝ። በቃኝ ማለት በማዕድ ላይ የጠገበ ሰው ቃል ነው፤ የግጥሙም ሰው ጠግቧል። ነገር ግን ቃሉ ቆብ አለው። ከደባርቅ ቁልቁል ወርደው፣ አዲ አርቃይን አልፈው ወደ ዋልድባ የሚሄዱ፣ እህል ትተው በቋርፍ የሚኖሩ መነኰሳት ቃል ነው፤ ልጅ ድረው፣ የትዳር ጓደኛ ቀብረው በስተርጅና የሚመነኵሱ ብዙዎችም «ዓለም በቃኝ» ይላሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ይኸው ቃል የእስር ቤት ስም ሆኖ ነበር፤ እስር ቤቱ ፈርሶ በቦታው ላይ በ2012 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ቆሟል።

የግሡ ነገር በዚህ አያበቃም። በቃ ማለት አለቀ ነው፤ በቃ ማለት ደግሞ ደረሰ፣ ተገባው፣ ለማዕረግ ሆነ ነው። የበቃ መነኵሴ ስንል የሰለቸው መነኵሴ ማለታችን አይደለም። ለልጃገረድ የሚመረቀው ምርቃትም ከዚሁ ግሥ የተነሣ ነው፤ «ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ»። ሠርጉ ላይ የሚያደርሳት «ያብቃሽ» እና የሁሉ ነገር ማለቂያ የሆነው «አበቃ» አንድ ግሥ ናቸው። የሥጋ ፍቅርን ተስፋና ፍጻሜ በአንድ ግንድ ላይ የያዘ ቃል ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ በመዝገበ ቃላት ውስጥ እንደ ሁለት ተመሳሳይ ድምፅ ቃላት በየተራ ቍጥር ከተለያዩም ጉዳት ነው፤ ተናጋሪው አንዱን ሲል ሌላውን ይሰማልና። ታዲያ ለግጥሙ ይሆናልን? ግማሹ ይሆናል። የደን ሰው ለወግ በቅቶ ነበር፣ ነገሩም አብቅቷል። ነገር ግን «በቃኝ» ከሚለው በኋላ የሚመጣው ብቃት፣ የመነኵሴው መድረስ፣ በእርሱ ዘንድ የለም። አንባቢው ቆቡን እንዳያስብ የሚከለክል ነገር ከግጥሙ ውስጥ ማግኘት ያስፈልግ ነበር።

ያም የተገኘው ቀደም ሲል በጠቀስሁት ቀልድ ውስጥ ነው። በግጥሙ ፍጻሜ ተናጋሪው ከእንግዲህ ከሴት ውበት እንደ ሐሩር ፀሐይ እጠበቃለሁ ካለ በኋላ፣ ይህ ሁሉ ካልረዳ የቀረው የትል መድኃኒት ዘር ከወገብ በታች መቀባት ብቻ ነው ይላል። ተክሉ የሆድ ትል ማስወጫ ነበር፤ ምኞትን ያበርዳልም ይሉ ነበር። የእንግሊዝ ሐያስያን በዚህ መጨረሻ ያፍራሉ፤ እንዲህ ያለ ጥልቅ ክርክር በመድኃኒት ቤት ቀልድ ለምን ያልቃል ብለው። ለእኛ ግን ማንም መነኵሴ እንዲህ ብሎ እንደማይጨርስ ግልጽ ነው። በስሜን ደን ውስጥ ኮሶ ይበቅላል፤ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ የሚጠጡት፣ የሚያስመርር፣ የሚያንገሸግሽ፣ ሆድን የሚያጸዳ። ኮሶ ምኞት ያበርዳል የሚል ሰው አልሰማሁም፤ የሚቀባም አይደለም። ቢሆንም በመጨረሻው ትርጕሜ ርእሱን «ፍቅር በቃኝ» አልሁት፣ የመጨረሻውን ስንኝም በኮሶ ዘጋሁት። በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ክፍል ሲነበብ ከየትኛው ድርሳን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ከኋላ የተቀመጡት ሣቁ።